የዘፈኑ ጅራት

እማማ ማሚቱ ወደ ድንኳኑ ሲገቡ ሴቶቹ ሁሉ እየተጠጋጉ ቦታ ለቀቁላቸው። ንፍሮ የምታድለው ሴት እንኳ ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እኚህ ከያቤሎ በጭነት መኪና መጥተው፣ አቧራቸውን ሳያራግፉ በቀጥታ ለቅሶ ቤት የደረሱ አሮጊት፣ ከነጌሌ እስከ ዱብሉቅ ባለው አገር ሁሉ ሙሾ በማውረድ የታወቁ አስለቃሽ ናቸው። ገብረወልድ በተቀበረበት ዕለት አልነበሩም፤ የእህታቸው ባል ሞቶባቸው ያቤሎ ሄደው ነበር። ስለዚህ የነጌሌ ሰው ቀብሩን ፈጽሞ፣ ለቅሶውን ግን ገና እንዳልጀመረ ቈጥሮ ነበር የሚጠብቃቸው።

የሟቹ ሚስት በዛብሽ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ቀና አለች። ድምፅዋ ከተዘጋ ቆይቷል፤ አፏን ስትከፍት የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ‹አሁን ይጀምራሉ› ብላ አሰበች። ‹አሁን ስሙን ይጠሩታል፤ ያን ጊዜ የሚወጣው ይወጣልኛል።›

እማማ ማሚቱ ግን መሃል ገብተው አልቆሙም፤ ደረታቸውንም አልመቱም። ከድንኳኑ ጥግ፣ የውሃው እንስራ ካለበት አጠገብ ቁጢጥ ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠመጠሙ። ዕንባቸው ያለ ድምፅ ይወርድ ጀመር።

«ምን ሆኑ?» አለች አንዲት ሴት በሹክሹክታ።

«ደክሟቸው ይሆናላ። የያቤሎ መንገድ እኮ አንጀት ይበጥሳል።»

«እሳቸው? ትኩሳት ይዟቸው እንኳ ተነሥተው ያስለቀሱ ሴት ናቸው። ባለፈው ዓመት ለዚያ ለክፉው ግብር ሰብሳቢ ሲያለቅሱለት፣ በቁሙ ስንረግመው የኖርነው ሁሉ ደግ ሰው ያጣን መስሎን ተላቅሰን ገባን።»

«ታዲያ ለዚህ ምነው ነፈጉት?»

ከወንዶቹ ወገን አንድ ደረቅ ሳል ተሰማ። አቶ ወልደሚካኤል ነበሩ፣ የሟቹ ታላቅ ወንድም። በሀገረ ማርያም ፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገራቸውን የሚዘጉትም በሳል ነው። «ጸጥታው ይሻላል» አሉ አጠገባቸው ላለው ሰው። «ወንድሜ ነጋዴ ነበር። ነጋዴ በጸጥታና በክብር ነው የሚሸኘው።» ሳሉ።

በዛብሽ ሰማች። ነጋዴ ነበር የሚለውን ቃል ከቀብሩ ጀምሮ ለመጣው ሁሉ ሲናገሩ ሰምታለች፤ አንድም ጊዜ አልተቃወመችም። ውሸት አልነበረማ። ሱቅ ነበረው፤ ስኳር፣ አቡጀዲና የባትሪ ድንጋይ ይሸጥ ነበር። ይሁን እንጂ ከድንኳኑ ውጭ ያለውን መንገድ ማዳመጥ ይበቃል። ቀን ሙሉ ሸክላ ሲያጫውት የሚውለው የሻይ ቤቱ ድምፅ ማጉያ አፉ በጨርቅ ተሸፍኗል። የልብስ ሰፊው ራዲዮ ዝም ብሏል። ከጦር ሰፈሩ የሚመጡት ወታደሮች እንኳ በዚህ ሰፈር ሲያልፉ አያፏጩም። ሐዘን ባለበት ዘፈን አይከፈትም፤ ያ የታወቀ ነው። ከተማው ለእሱ ሲል የዘጋው ዘፈን ግን አብዛኛው እሱ ራሱ የሠራው መሆኑን ወልደሚካኤል ለማንም አልተናገሩም።

* * *

ገብረወልድ አልዘፈነም፤ ክራርም አልመታም። ድምፁ ራሱ ለዘፈን የሚሆን አልነበረም፤ በዛብሽ በሠርጋቸው ሰሞን አንድ ጊዜ ሲያንጐራጉር ሰምታው «እባክህ ሰው እንዳይሰማህ» ብላው ነበር። ወባ ለማጥፋት ወደ ቦረና መጥቶ ከነበረና ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ላይ ትልቅ ቴፕ ገዝቶ፣ በመኪና ባትሪ እንዲሠራ አደረገው። የጓዳውን ክፍል ግድግዳ በላም ቆዳና በወታደር ብርድ ልብስ ሸፈነው። ከዚያ በኋላ ጉሮሮ ያለው ሁሉ ወደዚያ ክፍል ይመጣ ጀመር፦ የሠርግ አዝማሪ፣ ክራር የሚመታ ወታደር፣ የጉጂ ልጃገረዶች፣ ከዲላ ቡና ጭኖ የሚመላለስ የመኪና ረዳት። ገብረወልድ ማንን ከማን ጋር እንደሚያዘፍን፣ የትኛው ግጥም እንደሚያጥር፣ ከበሮው ከበሩ ውጭ መሆን እንዳለበት እሱ ያውቃል። የተቀረጸበትን የቴፕ ክር ጠቅልሎ አዲስ አበባ ይልካል፤ ከወራት በኋላ ሸክላ ሆኖ ይመለሳል። በሸክላው ላይ የዘፋኙ ስም አለ፤ የአሳታሚው ስም አለ፤ የእሱ የለም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያወጣቸውን ሸክላዎች ቁጥር እሱም አያውቀውም ነበር።

ከጎረቤት የአቶ ሺሬ ወፍጮ አለ። ወፍጮው ሲዞር የክፍሉ ግድግዳ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ገብረወልድ በአጥሩ እንጨት ላይ ቀይ ጨርቅ ሲሰቅል ሺሬ ሞተሩን ያጠፋል፤ እህል ያመጡት ሴቶችም «ደግሞ ማን ሊዘፍን ነው?» እያሉ ጆንያቸው ላይ ይቀመጣሉ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ሕግ ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ ገብረወልድ ቀኝ እጁን ያነሣል። እጁ እስኪወርድ ድረስ ማንም አይስቅም፣ አይስልም፣ አይተነፍስም ማለት ይቻላል። «ዘፈን ካለቀ በኋላ ጅራት አለው» ይል ነበር። «ቀስ ብሎ ነው ተስቦ የሚወጣው። ጅራቱን አትርገጡብኝ።» በዛብሽ ባትሪውን ስትለዋውጥለት፣ ክሩን ስትጠቀልልለት፣ የዚያን እጅ መውረድ ስትጠብቅ ነው ትዳሯን የኖረችው።

* * *

ከሰዓት በኋላ አቶ ሺሬ ከልጁ ከመሱዳ ጋር ለሁለተኛ ጊዜ ለቅሶ መጣ። «አካም፣ በዛብሽ? ናጋ?» አለና መልሱን ሳይጠብቅ ራሱን ነቀነቀ። «ምን ናጋ፣ ምን ሰላም አለ። ወፍጮዬን ሳዞር ጨርቁን ነው የማየው። እንጨቱ ባዶ ነው። እጄ ሞተሩ ላይ ይቀራል።»

መሱዳ በዛብሽ አጠገብ ተቀመጠች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሠርግ ላይ ለሙሽራ ስትዘፍን ገብረወልድ ሰምቷት፣ አባቷን በስንት ምልጃ አስፈቅዶ፣ ከመታመሙ በፊት ዘፈኗን ቀርጾ ነበር። የመጨረሻ ሥራው ያ ነው። ክሩ አሁንም ቴፑ ላይ እንደተጠመጠመ አለ። ወደ አዲስ አበባ ሳይላክ ትኩሳቱ ቀደመው። መሱዳ ስለ ዘፈኗ አልጠየቀችም፤ ልትጠይቅ እንደፈለገች ግን ጣቶቿ ይናገራሉ፤ የነጠላዋን ዘርፍ ትፈታለች፣ መልሳ ትቋጥራለች።

«እማማ ማሚቱ ለምን ዝም አሉ?» አለች በመጨረሻ።

በዛብሽ ወደ እንስራው ተመለከተች። አሮጊቷ እንዳሉ ናቸው። ያኔ ነው ነገሩ የገባት።

* * *

ከዓመት በፊት ገብረወልድ ቴፑን በጭነት መኪና ጭኖ ዱብሉቅ ወርዶ ነበር፤ በዛብሽም አብራው ነበረች። የቦረና ሰዎች በጥልቁ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ እላይ በላይ ቆመው፣ ባልዲ እየተቀባበሉ ለከብት ሲያጠጡ የሚዘፍኑትን መቅረጽ ፈልጎ ነው። ሰዎቹ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ እሱ ማይክራፎኑን አዘጋጅቶ «ዝፈኑልኝ» አለ። ጎሊቻ የሚባለው አለቃቸው ሣቀበት።

«ላም የታለ?»

«ላም ለምን ያስፈልጋል? ዘፈኑን ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ለላም ነው ዘፈኑ። ላም የለ፣ ዘፈን የለ። አንተ ውሃ ጠማህ? ለአንተ እንዝፈን?»

ከብቱ እስኪመጣ ድረስ በፀሐይ ተቀምጠው ዋሉ። በመጨረሻ መንጋው አቧራውን እያስነሣ ሲደርስ ከጉድጓዱ ውስጥ የወጣው ዜማ በዛብሽን ጠጕሯን አቆመው። ገብረወልድ በመመለሻው መንገድ ሁሉ ሲያወራ የነበረው ስለዚያ ነው፦ «ልክ ናቸው። አየሽ፣ በዛብሽ፣ ሁሉም ዘፈን የሚዘፈንለት አለው። እኔ ሳልጠራው የሚመጣበትን ቀን መጠበቅ አለብኝ።»

ያንኑ ሰሞን እማማ ማሚቱ ቤት ሄዱ። አሮጊቷ ሙሾ በማያወርዱበት ጊዜ ቅቤ ይነግዳሉ፤ ቤታቸው ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

«የሠርግ አለኝ» አላቸው ገብረወልድ። «የወታደር አለኝ፤ የላም አለኝ። የሙሾ ግን የለኝም፤ እማማ።»

«ሟች የታለ?»

«እንዲሁ ለትዝታ...»

«ወግድ! ያለ ሟች ሙሾ? ከነዚህ ከጎረቤቶቼ መካከል ማንን መርጠህ ልትገድል ነው?»

«ታዲያ መቼ ሊሆን ነው?»

እማማ ማሚቱ ጥርስ ባጣው አፋቸው ሣቁ። «አንተ ስትሞት! ያን ጊዜ በደንብ አወርድልሃለሁ፤ መጥተህ ቅረጸው።»

ቤቱ በሣቅ ተናጋ። ከሁሉም አብልጦ የሣቀው እሱ ነበር። «ቃል ነው?» አላቸው።

«ቃል ነው።»

የበልጉ ዝናብ ካባራ በኋላ ወባ ያዘው። ከዚያ አልተነሣም።

* * *

በዛብሽ ተነሥታ እማማ ማሚቱን ክንዳቸውን ያዘች። ሴቶቹ ሊያለቅሱ የሚሄዱ መስሏቸው ተንቀሳቀሱ፤ እሷ ግን አሮጊቷን ይዛ ወደ ቤት፣ ወደ ጓዳው ክፍል አስገባቻቸው። የዕድሩ ሴቶች ቴፑን በነጭ ጋቢ ሸፍነውታል፤ ብርድ ልብሶቹና ቆዳዎቹ በተሰቀሉበት ጨለማ ውስጥ የተገነዘ ሰው ይመስላል። እማማ ማሚቱ ባዩት ጊዜ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«አፌ ነው የገደለው፤ ልጄ» አሉ። «ለዚህ ነው የማልጀምረው። በዚያው አፌ አሁን ደግሞ ሙሾ ላወርድለት ነው?»

«ወባ ነው የገደለው፤ እማማ።»

«ወባውን ማን ጠራው?»

በዛብሽ በተዘጋ ድምፅዋ፣ በዚያ በትንፋሿ፣ ነገረቻቸው። «ትኩሳቱ ሲብስበት ስለ እርስዎ ያወራ ነበር። ‹ማሚቱ ቃል አለባቸው› ይል ነበር። ይሥቅ ነበር፤ እማማ። ከንፈሩ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ እየሣቀ ነበር። ክፉ ቃል አድርጎ አልወሰደውም። የቀረውን ሥራ አድርጎ ነው የያዘው።»

አሮጊቷ ወደ ቴፑ ተጠጉ። ከዚያ ጋቢውን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ታዲያ ማን ይቀርጸዋል?»

«እኔ።»

ያለው ክር ግን አንድ ብቻ ነበር። ክር ውድ ነው፤ ገብረወልድ ሸክላው ወጥቶ ክሩ በተመለሰለት ቁጥር የድሮውን እያጠፋ በላዩ ይቀርጽ ነበር። በእያንዳንዱ ዘፈን መግቢያ ላይ የሚናገረውን አዲስ አበባ ሸክላው ላይ አያስገቡትም፤ ክሩ ላይ የሚቀረውን ደግሞ ራሱ ያጠፋዋል። ከዚያ ሁሉ ሸክላ ውስጥ የእሱ ድምፅ ያለበት አንድም የለም። ያለው ይህ ክር ላይ፣ ከመሱዳ ዘፈን በፊት ነው። እሱ ከሞተ ጀምሮ በዛብሽ አልሰማችውም፤ ሐዘን ቤት ውስጥ ቴፕ አይከፈትም። አሁን ሙሾውን ከቀረጸች የመሱዳ ዘፈን ይጠፋል። እጇ ትንሽ ከሳተ ደግሞ እሱም ይጠፋል።

«እትዬ በዛብሽ።»

መሱዳ በሩ ላይ ቆማለች። ለእማማ ማሚቱ ውሃ ይዛ መጥታ ሁሉንም ሰምታለች። 

«ዘፈኔ ላይ ቅረጹበት» አለች።

«መሱዳ፣ ክሩ እስኪላክ ስትጠብቂ...»

«ጠብቄያለሁ።» ውሃውን ለአሮጊቷ ሰጠች። «እንደ እሱ አድርጎ የሚያዘፍነኝ አላገኝም ይሆናል። አውቃለሁ። ግን እኔ ጉሮሮዬ አለ። ለእሱ ግን ሁለት ጊዜ አይለቀስለትም።»

* * *

ቴፑና ማይክራፎኑ ወደ ድንኳኑ ሲወጡ ወልደሚካኤል ብድግ አሉ።

«በዛብሽ! ምንድን ነው ይሄ? የወንድሜን ሙሾ በሸክላ አውጥተሽ በየሻይ ቤቱ ልታስጨፍሪበት ነው? አባታችን ከአዝማሪ ጋር እንዳይውል ሲለምነው ኖሮ ነው የሞተው። ቢያንስ እንደ ሰው ልጅ ይቀበር ብዬ...» ሳሉ፤ ሳላቸው ዐረፍተ ነገሩን ዋጠው።

 በዛብሽ ፊት ለፊታቸው ቆመች፤ ሁሉም ሰው ለመስማት አንገቱን አሰገገ፤ ድምፅዋ ያን ያህል ደክሞ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ነጋዴ ነበር ብለው ለሰው ነግረዋል። እኔም ዝም ብያለሁ። ግን መንገዱን ይስሙት እስቲ። ለስኳር ነጋዴ ነው ከተማው አፉን የዘጋው?» ትንፋሽ ወሰደች። «ለሸክላ አይደለም። ለማንም አይላክም። ሥራው ጎድሎ እንዳይቀር ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ።»

«ምን?»

«እጄን ሳነሣ እንዳይስሉ።»

ከሴቶቹ መካከል አንዷ ሣቅ አምልጧት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ወልደሚካኤል ቀስ ብለው ተቀመጡ።

በዛብሽ ቀዩን ጨርቅ ለማውጣት አልደፈረችም፤ ቀይ ለሐዘን አይሆንም። ከራሷ ላይ ጥቁሩን ሻሽ ፈትታ በአጥሩ እንጨት ላይ አሠረችው። ሺሬ ተነሥቶ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ወፍጮው እያቃሰተ፣ እየከበደው፣ ቆመ።

ቴፑ አጠገብ ተቀምጣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ በላዩ ነጠላዋን ተከናነበች። ከእሷ በቀር ማንም አይሰማም። ክሩን እስከ መጀመሪያው መለሰችና ለቀቀችው።

ሽሽሽ የሚል ድምፅ። የወንበር መንቀሳቀስ። ከዚያ እሱ።

«ገብረወልድ ነኝ፣ ነጌሌ። ዘፋኝ መሱዳ ሺሬ። በዛብሽ፣ ወፍጮው ቆሟል?»

በክሩ ውስጥ ራሷ ከሩቅ «ቆሟል» ስትል ሰማች። ድምፅዋ ያኔ ሙሉ ነበር። እዚህ ከነጠላው ሥር ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ «ቆሟል» አለች እንደገና።

«ጎሽ። መሱዳ፣ ምን ያስፈራሻል? ብትሳሳቺ ማንም አይሞትም፤ እንደግመዋለን። ጫማሽን አውልቂ፣ ቆዳው ላይ ቁሚ። ስትጨርሺ እጄን እዪ። ጅራቱን አትርገጪብኝ።» ትንሽ ሳቅ። ዝምታ። «ዝግጁ? በይ ጀምሪ።»

ጣቷ የማቆሚያው ቁልፍ ላይ ነበር። መሱዳ ለመዝፈን አየር ወደ ውስጥ ስትስብ ሰማች፤ ከዚያ በፊት ልታቆመው አልቻለችም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ዘፈን ነው። ክሩን እዚያው ላይ አቆመችው። ወደ ኋላ መልሳ እንደገና ልትሰማው ልቧ ተነሣ፤ አንዴ ብቻ፤ ወፍጮው ቆሟል የሚለውን ብቻ። ግን ደግማ ከሰማችው የሚቀርጸውን ቀዩን ቁልፍ እንደማትጫነው አወቀች። ወደ እማማ ማሚቱ ቀና ብላ ራሷን ነቅንቃ ምልክት ሰጠች፤ ቁልፉንም ተጫነች።

አሮጊቷ መሃል ገቡ። ጫማቸውን አውልቀዋል። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው መጀመሪያ ቃል የሌለው አንድ ረጅም ድምፅ አወጡ፤ የድምፁን ኃይል የሚያሳየው የቴፑ መርፌ ተንቀጥቅጦ ተነሣ። ከዚያም፦

«ያገሩን ጉሮሮ ሰብስቦ ሲያኖረው፣
የራሱን ድምፅ ማነው መዝግቦ ያስቀረው?»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ደረት ተመታ። እማማ ማሚቱ ስለ ሱቁ አንድ ቃል አልተናገሩም። ባልዲውንና ጎሊቻን አነሡ፤ ቀዩን ጨርቅ አነሡ፤ አጥር ላይ ስለሚጠብቀው እንጨት አለቀሱ። በመጨረሻም ወደ ማይክራፎኑ ተጠግተው፣ ሰው ለሰው በጆሮው እንደሚያወራ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ቃል አለሽ እያልከኝ ስትሥቅ የሄድከው፣
መጥቻለሁ ልጄ፣ ጆሮህን የት ጣልከው?»

ያን ጊዜ ከበዛብሽ ሆድ ውስጥ፣ ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ ተጣብቆ የቆየው ነገር ተላቆ ወደ ጉሮሮዋ መጣ። ድንኳኑም ሁሉ እሪ ሊል አየር ሳበ።

በዛብሽ ቀኝ እጇን አነሣች።

ሰዉ እንዳለ ደረቀ። መሱዳ ነጠላዋን ነከሰች። ወልደሚካኤል ሳላቸው መጣባቸው፤ ፊታቸው እየቀላ፣ ትከሻቸው እየተናወጠ፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ያዙት። ክሩ ይዞራል። በማዳመጫው ውስጥ የአሮጊቷ ድምፅ እየቀጠነ፣ እየራቀ፣ በድንኳኑ ሸራ ላይ እየተሳበ ይሄዳል። በዛብሽ ትሰማዋለች። ዕንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ አልጠረገችውም፤ ድምፅ ያሰማልና።

አሁን ጅራቱ ወጥቷል። ከእንግዲህ ሽሽሽታው ብቻ ነው። እጇ ግን እንደተነሣ ነው።